ሦስት ሚሊ ሜትር

በቅርቡ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንዲት ወጣት እጇን አውጥታ፣ «የክንዷ ልክ ለምግብ እጥረት ሕክምና ከሚያስገባው መስመር በጥቂቱ ከፍ ያለባትን ሕፃን ምን እናድርጋት?» ስትል ጠየቀችኝ። መመሪያው የሚለውን ነግሬያት አለፍኩ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ። መልሴ ትክክል ነበር፣ በቂ ግን አልነበረም።

በ1995 ዓ.ም.፣ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ በጠበቀበት ድርቅ፣ ደቡብ ወሎ ውስጥ ነርስ ነበርኩ። ፕላምፒ ናት፣ ክፉኛ ለተጎዱ ሕፃናት በከረጢት የሚሰጠው የለውዝ ቅቤ መሰል ምግብ፣ ያን ጊዜ ገና እንግዳ ነገር ነበር። ከዚያ በፊት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን ከነእናቱ ለሳምንታት በሕክምና ጣቢያ ይተኛ ስለነበር፣ የሳምንት ቀለቡን ይዞ ወደ ቤቱ መመለሱ ለእኛ ተአምር መሰለን። ወደዚህ ሕክምና የሚገባው ግን የክንዱ ዙሪያ ከ11 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ወይም ሁለቱም እግሮቹ ያበጡ ሕፃን ብቻ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ ከቆላው አራት ሰዓት ያህል በእግሯ የተጓዘች እናት የዓመት ከሁለት ወር ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀረበችልኝ። ብለካት 11.3 ሆነ። እግሮቿን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ብለቅ ጉድጓድ አልቀረም፤ አላበጡም ማለት ነው። ለመካከለኛ ጉዳት የሚሰጠውን ፋፋና ዘይት የጫነው መኪና አልደረሰም ነበርና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሺ አልኳት። «ወንድምዓለም፣ እስኪብስባት ልጠብቅ ነው የምትለኝ?» አለችኝ። ተከታዩን ተራ ጠራሁ።

በቀጠሮዋ መጣች። ቴፑ 10.8 አለ። እናቲቱ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «አሁንስ ደረሰች?» ብላ ፈገግ አለች፤ እኔም «ደርሳለች» ብዬ አብሬያት ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይህ ደስታ ነው። ልጅቷ ሁለት ወር ገደማ ታክማ አገገመች፤ መዝገቡም መጀመሪያ «አዲስ ገቢ»፣ በኋላ «የዳነች» አላት። ሪፖርታችን ተመሰገነ፤ የጠፉት ሁለት ሳምንታት ግን የትም አልተጻፉም። በ2001 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መስመሩን ወደ 11.5 ከፍ ሲያደርጉት ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩ፤ በዚያ ልክ ቢሆን ልጅቷ በመጀመሪያው ቀን ትገባ ነበር።

እናንተ በታብሌት ትመዘግባላችሁ፣ እኛ በካርቦን ወረቀት እንገለብጥ ነበር፤ የዛሬ ልጆች የምግብ እጥረቱ ግራፍ ሲወርድ ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል። መውረዱ እውነት ነው። በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰው፣ በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበሩ፣ በ2011 ዓ.ም. 37 በመቶ ሆኑ፤ ይህን የሚያናንቅ ሰው 1977ን አላየም። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም የተራበው 673 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲሆን፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ቁጥሩ ሲቀንስ በአፍሪካ ግን ከአምስት ሰው አንዱን አልፏል። ጦርነትና የዋጋ ንረት ባለበት የዝናቡ መመለስ ብቻ አይበቃም።

መመሪያውን ጠብቁ። አንዱ የፕላምፒ ናት ካርቶን 150 ከረጢት ነው፤ አንድን ሕፃን ለማዳን የሚበቃው ያህል ስለሆነ፣ አዝናችሁ ለማይገባው ስትሰጡ ከሌላው አፍ ትነጥቃላችሁ። በዚህ ዛሬም ጥብቅ ነኝ። ነገር ግን ያን ቀን ከመጋዘኑ አንድ ሳምንት የሚበቃ ከረጢት አውጥቼ ብሰጣትና ብቀጣ ኖሮ፣ ዛሬ በቅጣቴ እኮራ ነበር።

ለጠየቅሽኝ ልጅ፦ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሕፃናት የሚጻፉበት ዓምድ በመዝገቡ ከሌለ በማስመሪያ አስምረሽ ጨምሪ፤ ስሙን፣ ልኩን፣ የመጣበትን ቀንና የቀበሌውን በጎ ፈቃደኛ ስም ጻፊበት። በሳምንቱም ሰው ላኪ፣ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ።