የባዕዳኑ የንግድ መርከብ ክንፍ ምን ይሠራለታል?

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በታሪኩ ውስጥ ስድስት እጅ ያላቸው የሌላ ዓለም ፍጡራን የሠሩት ትልቅ የጠፈር ንግድ መርከብ አለ። ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው የብረት ማዕድን ያመላልሳል፤ ቅርጹ ዓሣ ይመስላል፤ ሁለት ሰፋፊ ክንፎችም አሉት። ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ «ጠፈር ላይ አየር ስለሌለ ክንፍ ፋይዳ የለውም» ብሎ እንዳወጣቸው መከረኝ። እኔ ግን መርከቡ ያለ ክንፍ አልታይህ አለኝ። ምን ይሻላል? መርከቡስ ምን ምን ማድረግ ይችል?

መልስ፦ ክንፎቹን አያውጧቸው። ወዳጅዎ አየር በሌለበት ክንፍ መርከብን እንደማያነሣ መናገራቸው ልክ ነው፤ ሆኖም ብርቱ ሞተር ያለው የጠፈር መርከብ ሰፊና ስስ አካል የሚያስፈልገው በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱም ሙቀት ነው። በምድር ላይ የጋለ ሞተር ሙቀቱን ለአየር ወይም ለውሃ ያስረክባል። በጠፈር ግን ተረካቢ ስለሌለ፣ የሙቀት መውጫ በር ጨረራ፣ ማለትም ሙቀቱ እንደ ብርሃን ከገጹ እየፈለቀ መውጣቱ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በአሞኒያ የሚሠሩ ሰፋፊ ነጫጭ ራዲያተሮችን ዘርግቶ የሚዞረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን እንየው፤ የእርስዎን ክንፍ ቅርጽ የሚያስይዘው እሱ ነውና። 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያለው ገጽ፣ ቢበዛ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 460 ዋት ገደማ ያስወጣል። ስለዚህ መርከቡ 100 ሚሊዮን ዋት ትርፍ ሙቀት ቢኖረው ከ200,000 ካሬ ሜትር የሚበልጥ ገጽ ሊያስፈልገው ነው። ነገር ግን የሚወጣው ጨረር ከፍጹማዊ ዜሮ (ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴንቲግሬድ) በተለካ ሙቀት አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ይህ ሙቀት እጥፍ ሲሆን ጨረሩ 16 እጥፍ፣ አራት እጥፍ ሲሆን ደግሞ 256 እጥፍ ይሆናል። ባዕዳኑ ክንፋቸውን እስከ 927 ዲግሪ ቢያግሉት ያንኑ ሙቀት 850 ካሬ ሜትር ያህል ገጽ ይችለዋል። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ክንፉ በጋለ መጠን ሞተሩ ከሙቀት የሚያገኘው ጉልበት ይቀንሳል። ክንፎቹ ሁለት ብቻ መሆናቸውና በአንድ ልክ ግራና ቀኝ መዘርጋታቸውም ጥሩ ነው፤ ሦስትና አራት ቢሆኑ ፊት ለፊት እየተያዩ አንዱ የሌላውን ሙቀት መልሶ ይቀበል ነበር።

እንዲህ ከሆነ ክንፉ ታሪክዎንም ያግዛል። መርከቡ ወደ ወደብ ሲቃረብ ያስቡት፤ በጉዞ ላይ ብርቱካንማ ሆኖ የጋለው ክንፍ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መጀመሪያ ደም ይመስላል፣ ቀስ በቀስ ከጫፉ ወደ ውስጥ ይጠቁራል። የወደቡ ጠባቂ ቀለሙን አይቶ ብቻ ሞተሩ መቼ እንደጠፋ ይገምታል፤ ክንፉ ሳይጠቁር የሚጠጋን ነጋዴም በጥርጣሬ ያያል።

የዓሣው ቅርጽ ግን ይቅር፤ የሚሰነጥቀው ውሃም አየርም የለም። ረጅም የብረት ጀርባ አጥንትና በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ የጭነት ሣጥኖች ይበቃሉ።

ከሁሉ ይልቅ እንዲያስቡበት የምፈልገው ጭነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላከችው ቮዬጀር 1 የተባለች መንኮራኩር በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች፤ በዚህ ፍጥነት ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነውና 4.24 የብርሃን ዓመት የሚርቀው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ የተባለ ኮከብ ያለበትን ያህል ርቀት ለመጨረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። በብርሃን ፍጥነት አንድ አሥረኛ ቢጓዙ እንኳ የአንድ ወገን መንገድ 42 ዓመት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ጭነት የሚሰጠው የእንቅስቃሴ ጉልበትም 100,000 ቶን ቲ.ኤን.ቲ. የተባለው ፈንጂ ሲፈነዳ ከሚወጣው ይበልጣል። ይህን ሁሉ አውጥቶ ብረት የሚጭን ነጋዴ አይኖርም፤ ብረት በየኮከቡ ዙሪያ ሞልቷልና። እውቀትም ቢሆን በሬዲዮ ከመርከቡ ቀድሞ ይደርሳል። ከኮከብ ወደ ኮከብ ሊጫን የሚገባው በጽሑፍ ሊላክ የማይችል ነገር ነው፤ ሕይወት ያለው ዘር፣ ወይም አሠራሩ ከአንድ ሕዝብ እጅ ያልወጣ ዕቃ። ማዕድኑን ካልተዉት ንግዱን በአንድ ኮከብ ዙሪያ ባሉ ዓለማት መካከል ያድርጉት፤ እኔ ብሆን ይህኛውን እመርጥ ነበር።

የመርከቡም አቅም ያን ጊዜ ልክ ያገኛል። ሩሲያዊው የሮኬት ሳይንስ ሊቅ ፂዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው ቀመር እንደሚያሳየው፣ መርከብ ፍጥነቱን ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ካለው ፍጥነት ሁለት እጥፍ ያህል ለመለወጥ ሲነሣ ከነነዳጁ ክብደቱ ከባዶው 7.4 እጥፍ መሆን አለበት፤ ሦስት እጥፍ ካለ ደግሞ 20 እጥፍ። ስለዚህ ነጋዴ ነዳጅ የሚፈጅ ችኩል ሞተር አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2007 የመጠቀችው ዶውን የተባለች መንኮራኩር በኤሌክትሪክ የተሞሉ አተሞችን (አዮኖችን) በፍጥነት እየወረወረ የሚሠራው የአዮን ሞተሯ የሚገፋት አንድ ወረቀት መዳፍ ላይ የሚጫነውን ያህል ነበር፤ ሆኖም ለዓመታት ሳትታክት በመግፋቷ በማርስና በጁፒተር መካከል ካሉት አካላት በ2011 ቬስታን፣ በ2015 ሴሬስን ለመዞር በቃች። የእርስዎም መርከብ ዘገምተኛና ሙሉ ይሁን።

በመጨረሻ በሩን አደራ እላለሁ፤ ንግድ ያለ በር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካው አፖሎና የሶቪየት ኅብረቱ ሶዩዝ መንኮራኩሮች በጠፈር ሲገናኙ፣ ወንዴና ሴቴ ሳይባል ሁለቱም ወገን ያዥም ተያዥም መሆን የሚችልበት የማያያዣ ቀለበት ተሠርቶ ነበር። የአፖሎ አየር ከምድር ግፊት አንድ ሦስተኛ ያህል ግፊት ያለው ንጹሕ ኦክስጅን፣ የሶዩዝ ደግሞ እንደ ምድር አየር የናይትሮጅንና የኦክስጅን ድብልቅ ስለነበረ በመካከላቸው የአየር ማስተካከያ ክፍል አስፈልጓል። ባዕዳንዎ የሚተነፍሱት ከደንበኞቻቸው የተለየ ከሆነ የመጀመሪያውን ግንኙነት በዚህች ጠባብ ክፍል ያድርጉት፤ መጨበጫዎቿ በስድስት እጅ ልክ በግድግዳውም በጣሪያውም ተተክለው፣ እንግዳው በሁለት እጁ የትኛውን እንደሚይዝ ሲቸገር ይታይ። ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ እንዳይከፈቱ የሚያደርገውን መቆለፊያም አይርሱ።