የአባትሽን እቁብ ለኮርስ አታስበዪ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ልበለው፣ ጎንደር አዘዞ ነው ምትኖሪው፣ አምና በአይቲ ተመርቀሽ ኤግዚት ፈተናውንም አልፈሽ አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት ላብ ውስጥ በትንሽ ደሞዝ ትሰሪያለሽ። እዛ ዊንዶውስ መሸከም ያቃታቸው አስር አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩ፣ አንቺ 16 ጊጋ ራም ያለውን አንዱን ማሽን ሰርቨር አደረግሽውና በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ሚባለውን ሊነክስ ጭነሽ ኤክስአርዲፒን፣ ማለትም ከሌላ ማሽን ሆኖ ሰርቨሩ ላይ ለመስራት ሚያስገባውን ፕሮግራም፣ አስገባሽበት፣ አሁን ልጆቹ ባሮጌዎቹ ማሽኖች ሬሚና በሚባል ፕሮግራም ሰርቨሩ ውስጥ እየገቡ የየራሳቸውን ዴስክቶፕ ይከፍታሉ። አባትሽ ደሞ "ያለ ወረቀት ማን ያምንሻል፣ እቁቤ ሲወጣልኝ አዲስ አበባ ሄደሽ የሊነክስ ኮርስ ትወስጃለሽ" ብለው ቆርጠዋል።

እቁቡን አትንኪው። አባትሽ ክፉ አላሰቡም፣ ግን እቁቡ ገና ሶስተኛ ዙር ላይ ነው ብለሽኛል አይደል? እንግዲህ አሁን ቢወጣላቸው እስከ መጨረሻው ዙር መጣላቸው አይቀርም፣ ስለዚህ ብሩ ቁጠባ ሳይሆን ዕዳ ነው፣ አንቺ ሶስት ወር የቤት ኪራይና ምግብ እየከፈልሽ ስትማሪ እሳቸው እዚህ በየሳምንቱ ይጥላሉ፣ ከዛ ተመልሰሽ ስራ ካላገኘሽስ? ይሄን ቁጭ ብለሽ ንገሪያቸው፣ በይሉኝታ ዝም አትበዪ።

ኮርሱ ለአርኤችሲኤስኤ፣ ሬድ ሃት ሚባለው የሊነክስ ካምፓኒ ለሚሰጠው ሰርተፍኬት ነው ብለሻል። ፈተናው እኮ ምርጫ ማክበብ የለውም፣ ማሽን ፊት ተቀምጠሽ ሰርተሽ ነው ምታሳዪው፣ ብታልፊም ለ3 አመት ብቻ ነው ሚያገለግለው። እጅሽ ካልፈታ አስተማሪ አያድንሽም፣ እጅ ለማፍታታት ደሞ አልማ ሊነክስን ወይ ሮኪን በነፃ አውርደሽ ኬቪኤም ላይ (ማሽን ውስጥ ሌላ ማሽን ሚፈጥር ነው) ብትጭኚ ከሬድ ሃት ጋር እምብዛም ልዩነት የለውም። ስትደርሺ መፈተኛውን ብቻ ከደሞዝሽ አጠራቅመሽ ትከፍያለሽ። እኔም አባቴ በሬ ሸጠው ኮምፒውተር አስተምረውኛል፣ ሰርተፍኬቱ እስካሁን ፋይል ውስጥ አለ፣ አንድም ቀጣሪ አይቶት አያውቅም። የመጀመሪያ ስራዬን ያገኘሁት አንድ መስሪያ ቤት ጉዳይ ልጨርስ ሄጄ ፕሪንተራቸው እምቢ ሲላቸው ስላስተካከልኩላቸው ነው። ምናልባት ለዛ ነው ወረቀት ላይ እንዲህ ምጨክነው።

ይልቅ የጀመርሽው ስራ ገና አላለቀም፣ እሱን ጨርሺ። አንዳንዴ ጥቁር ስክሪን ይመጣል ላልሽው፣ ብዙ ጊዜ ሚሆነው ያው ዩዘር ሰርቨሩ ላይ በአካል ገብቶ ሳይወጣ ትቶት ሲሄድና በዛው ስም በሪሞት ሲገባ ነው፣ ሰርቨሩ ላይ ለራስሽ የተለየ ዩዘር ያዢ። ከባዱን ዴስክቶፕ ጂኖምን ተዪውና ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ አድርጊላቸው፣ ብሮውዘር የከፈተ አንድ ልጅ ብቻውን አንድ ጊጋ ራም ሊበላ ይችላል፣ አስሩ ባንዴ ሲገቡ አስቢው። ደሞ ከቤት ሆኜ ልቆጣጠር ብለሽ የሪሞት መግቢያውን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ራውተሩ ላይ እንዳትከፍቺ! ቀንና ሌሊት በራሱ ፓስወርድ ሚሞክር ፕሮግራም፣ ቦት ነው ሚወርሽ፣ ደህና ጥበቃ ባለው መንገድ፣ በኤስኤስኤች ወይ በዋየርጋርድ ግቢ። የሰራሽውን ሁሉ ደሞ ደብተር ላይ ጻፊ፣ ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ በምን አስተካከልሽው። ቀጣሪ ፊት ምትዘረጊው እሱን ነው።

ጎንደር ውስጥ ይሄን ማን ይፈልጋል ላልሽው፣ ሚፈልግም ማይፈልግም አለ። ሂሳብ ክፍል ውስጥ ፒችትሪ ሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ካለ ያንን ማሽን ዊንዶውስ ላይ ተዪው፣ አትከራከሪ። ጽህፈት ቤቶችም ጋ ተጠንቀቂ፣ ዩኒኮድ አማርኛ፣ ማለትም አሁን በየስልኩም ምንጽፈው፣ ሊነክስ ላይ ያለችግር ይጻፋል፣ በድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ግን ስትከፍቺው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ሊመጣብሽ ይችላልና ደንበኛው አበላሸሽብኝ ይልሻል። ሌላ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የልጆች ማሰልጠኛ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ቆልሎ ያስቀመጠ ሁሉ ግን ያንቺ ሰው ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋ እንኳ ሰርቨሩ እዛው ግቢ ስለሆነ ትምህርቱ አይቆምም፣ ይሄን በእኛ ከተማ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

የቀረውን ቶሎ ልበል። ወንድምሽ ውድ ላፕቶፕ ልግዛልሽ ካለ አመስግኚና ብሩን ለዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ለሚይዘው፣ ለምኚው። እንግሊዝኛሽ ደካማ ከሆነ የኤረር መልእክቶቹን እያነበብሽ ተማሪ፣ እኔ እንደዛ ነው የተማርኩት። አዲስ አበባ መግባት ደሞ ስራ ተገኝቶ ሲጠሩሽ እንጂ ስራ ፍለጋ አይሁን።

አባትሽን ግን በቃል ብቻ አታሳምኛቸውም። ሰርቨሩን ዩፒኤስ ላይ ካደረግሽው በኋላ አንድ ቀን ላቡ ድረስ ይዘሻቸው ሂጂ፣ አንድ ልጅ ግማሽ ገጽ እየጻፈ እያለ ያንን አሮጌ ማሽን በራሳቸው እጅ ከሶኬት ይንቀሉት። ልጁ ቀጥሎ ያለው ማሽን ላይ ቁጭ ብሎ ፓስወርዱን ሲያስገባ ጽሁፉ ካቆመበት መስመር ላይ ይጠብቀዋል። ከዛ ስለ እቁቡ አውሩ።