ወክ ስትወጡ የምታገኟቸው የሞቱ ወፎች፦ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው፣ ጠዋት ወክ ወጥተን የሞተ ወፍ አገኘን፣ ምን ገደለው የሚሉ። ፎቶም ትልኩልኛላችሁ ግን አብዛኞቻችሁ ተጠግታችሁ ወፉን ብቻ ነው የምታነሱት። እኔ በእንስሳት ሐኪምነት ስሰራ ያየሁት፣ ሬሳው ብቻውን ብዙ ጊዜ ምንም አይነግርም፣ የሚናገረው የወደቀበት ቦታ ነው። ስለዚህ እባካችሁ አስር እርምጃ ራቅ ብላችሁ ሁለተኛ ፎቶ አንሱ፣ ቀና ብላችሁም ከላይ ሽቦ አለ፣ መስታወት አለ፣ ዛፍ አለ ብላችሁ እዩ። የዛሬዎቹ መልሶች አብዛኞቹ ከዚህ የመጡ ናቸው።

"ከሱሉልታ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ስድስት ጥንብ አንሳ አንድ ቦታ ወድቀው አገኘሁ፣ አንዱ ገና ይንፈራገጥ ነበር። በሽታ ነው?"

ወንድሜ ፎቶህን ሳይ አንጀቴ ነው የተላወሰው። በሽታ አይመስለኝም። በሽታ ስድስት ትልልቅ ወፎችን በአንድ ጠዋት ሰላሳ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ አይጥልም፣ አንዱ ዛሬ እዚህ ሌላው ከሦስት ቀን በኋላ ወንዝ ዳር ነው የሚወድቀው። ሁለተኛው ፎቶህ ጥግ ላይ ደግሞ ግማሹ የተበላ ውሻ ይታያል፣ ይሄን አንተ አልጻፍክም ግን ዋናው ነገር እሱ ነው። አንደኛውን ወፍ ቀረብ አድርጌ ሳየው ጥፍሮቹ እንደ ጡጫ ተጨብጠዋል፣ ምንቃሩ ውስጥ ያልዋጠው ሥጋ አለ። እየበላ ነው የሞተው። እንደዚህ በፍጥነት የሚገድለው መርዝ ነው።

መርዙ ብዙ ጊዜ ለእነሱ ታስቦ አይደለም የሚቀመጠው። ጅብ ጥጃውን የበላበት ሰው ሥጋ ላይ መርዝ ያደርጋል፣ ወይ ባለቤት የሌላቸው ውሾችን ለማጥፋት ይቀመጣል፣ ጅቡ ግን ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ጥንብ አንሳው ቀን ከሰማይ ያየዋል፣ አንዱ ሲወርድ ደግሞ ራቅ ብሎ የሚያንዣብበው ያንን አይቶ ይከተላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ የተመረዘ ሬሳ የአካባቢውን ሁሉ ይጠራል። ጥጃው የተበላበትን ሰው አልኮንንም፣ ጉዳቱ ይገባኛል፣ ግን በረቱን በእሾህ አጥሮ ማጠንከር መርዝ ከማስቀመጥ የተሻለ ነው፣ ልጁም የራሱ ውሻም ያንን ሥጋ ሊነኩት ይችላሉ እኮ።

ይሄ ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። አገራችን ውስጥ ከምናያቸው ጥንብ አንሳዎች አራቱ ዓይነት ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል፣ አብዛኞቹ ደግሞ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጥሉት። ስድስት አዋቂ ወፍ ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት። ስለዚህ ውሻውንም ወፎቹንም በእጅ ሳትነካ ቆጥረህ ፎቶ አንስተህ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ዛሬውኑ ንገር፣ ናሙና ሰበታ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ሊላክ ይችላል። ናሙና ከተወሰደ በኋላ ሬሳው ሁሉ፣ ውሻውም ጭምር፣ ይቃጠል ወይ ጠልቆ ይቀበር፣ ሜዳው ላይ ከቆየ ነገ ሌሎች ይወርዳሉ።

ሌላ ሰው ደግሞ እዚሁ ላይ "ዲክሎፌናክ ይሆን?" ብሎ ጠይቋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለከብት የሚሰጠው ይሄ የህመም ማስታገሻ ህንድን፣ ፓኪስታንንና ኔፓልን ጥንብ አንሳ አልባ ሊያደርጋቸው ምንም አልቀረውም ነበር፣ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው በ2006 (እ.ኤ.አ.) ነው። ግን አገዳደሉ ሌላ ነው፣ ኩላሊታቸውን አበላሽቶ ከበሉ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው የሚገድላቸው፣ አንገታቸውን ደፍተው ዛፍ ላይ ተቀምጠው ይቆዩና ይወድቃሉ፣ ሲከፈቱ የውስጥ አካላቸው ላይ ኖራ የተነሰነሰ ይመስላል። ምግቡ አጠገብ ተከምረው አይሞቱም።

"ቦሌ ያለው ቢሯችን በር ላይ በየሳምንቱ ዋኔ ሞታ እናገኛለን። ጥበቃው ድመት ነው ይላል።"

እህቴ ድመቱ ንጹህ ነው። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው ሕንፃው መስታወት ላይ አተኩረሽ እይ። እኔ አንዴ እንዲህ ያለ ቦታ ሄጄ መስታወቱ ላይ የዋኔዋን ሙሉ ምስል አይቻለሁ፣ ሁለቱ ክንፎች ተዘርግተው፣ ላባው አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ በነጭ ብናኝ የታተመ። የእርግብ ዘመዶች ላባ ዱቄት አለው፣ ሲጋጩ እሱ ነው የሚቀረው። ለእሷ መስታወቱ ሰማይና ዛፍ ነው። አንድ የንስር ስቲከር መለጠፍ አይጠቅምም፣ ከውጭ በኩል በየአምስት ሴንቲሜትር ነጠብጣብ ማድረግ ነው የሚሰራው። በሕይወት ያለች ካገኛችሁ ካርቶን ውስጥ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ ለአንድ ሰዓት አቆዩዋት፣ አፏ ውስጥ ውሃ አታፍስሱ።

"አዋሽ አካባቢ መንገድ ዳር አንድ ነጣ ያለ፣ ፊቱ ቢጫ ትልቅ አሞራ ሞቶ አየን። ቁስል የለውም።"

ፖሉ ሥር ነው አይደል? ፎቶው ላይ የፖሉ ጥላ ወፉ ላይ አርፏል። እግሩን በእንጨት ገልብጣችሁ ብታዩት ትንሽ የተቃጠለ ምልክት ታገኙ ነበር። ትንሽ ወፍ አንድ ሽቦ ላይ ብታርፍ ምንም አትሆንም፣ ትልቁ ግን ክንፉን ሲዘረጋ ሽቦውንና ብረቱን አንድ ላይ ይነካል። ይሄ የግብፅ ጥንብ አንሳ ነው፣ ከእነሱ ብዙዎቹ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ መጥተው አፋር ላይ ነው የሚከርሙት። ሱዳን ውስጥ ፖርት ሱዳን አጠገብ የነበረ አንድ የመብራት መስመር ለአሥርተ ዓመታት ሲገድላቸው ቆይቶ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ነው የተቋረጠው። የፖሉን ቁጥር ጻፉና አካባቢው ላለው የመብራት ጽህፈት ቤት ስጡ፣ ሽቦው ከተሸፈነ ችግሩ ይፈታል።

"ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዳክዬዎች አንገታቸውን መሸከም አቅቷቸው አየን። የወፍ ጉንፋን ነው?"

አንገት መሸከም ማቃት የቦቱሊዝም ምልክት ነው፣ ውሃው ሲሸሽና ሲሞቅ የበሰበሰ ነገር ውስጥ የሚፈጠር መርዝ ነው፣ የሞተው ላይ የሚፈላውን ትል ሌላው ሲበላ እሱም ይሞታል። ግን የወፍ ጉንፋንም አንገት ያጣምማል፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ግብፅ፣ ሱዳንና ጅቡቲ ገብቶ ስለነበር ቀላል አድርገን አናየውም፣ በፎቶ መለየት አይቻልም፣ ናሙና ያስፈልጋል። መንደሩ ውስጥ ዶሮዎችም እየሞቱ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ተናገሩ።

"ላባ ብቻ ነው ያገኘሁት።"

የላባው ሥር ሙሉ ከሆነ ጭልፊት ነቅሎታል፣ ከተቆረጠና ከታኘከ ድመት ወይ ቀበሮ ነው።

"ግሪሳ ተረጭቶ ማሽላው ውስጥ በሺህ ወድቋል፣ ልጆች ለቅመው ሊጠብሱት ነው።"

እናቴ አሁኑኑ ያስጥሏቸው! የሚረጨው ፌንቲዮን የሚባል መርዝ ነው፣ ጠበስኩት ብሎ መተማመን አይቻልም፣ ያንኑ ግሪሳ የበላ ጭልፊትና ጉጉትም አብሮ ይሞታል። የነኩ ልጆች እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ልብሳቸውን ይቀይሩ። ምራቅ የሚያዝረከርከው፣ የሚያልበው ወይም የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ልጅ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ፣ የተረጨውን መርዝ ስም ጽፋችሁ ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።