«በልቶ ተኛ» ድርብ ነው ወይስ ውስብስብ?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ትምህርት ዓረፍተ ነገር ሲምፕል (ነጠላ)፣ ኮምፓውንድ (ድርብ) እና ኮምፕሌክስ (ውስብስብ) ተብሎ ይከፈላል። «ልጁ በልቶ ተኛ» የሚለውን ከየትኛው ልመድበው? ሁለት ግሥ ስላለው ድርብ ነው የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ውስብስብ ይበሉት። የአማርኛን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ፍቺው መመደብ እየተለመደ መምጣቱ ዘወትር ያሳስበኛል። ድርብ ነው ባዮች «ዘ ቦይ ኤት ኤንድ ስሌፕት» ብለው ይተረጉሙና «ኤንድ»ን ሲያዩ ይፈርዳሉ። ፍርዱ በእንግሊዝኛውም አይጸናም። በነባሩ ሰዋስው ያ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ሲምፕል ነው፤ ኮምፓውንድ የሚሆነው «ኤንድ ሂ ስሌፕት» ተብሎ ሁለተኛው ግሥ የራሱን ባለቤት ሲያገኝ ነው።

በአማርኛ «በልቶ» ቦዝ አንቀጽ፣ ማለትም ብቻውን ነገር የማይዘጋ ግሥ ነው። «ዓረፍት» ከ«ዐረፈ» የወጣ ነው። ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ነገር የሚያርፍበት ነው፤ የሚያሳርፈውም ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም መዝጊያው ግሥ ነው። «ልጁ በልቶ» ብለው አራት ነጥብ ቢያኖሩ አንባቢው «ከዚያስ?» ይላል። «አለ» ተጣብቆበት «ልጁ በልቷል» ሲሆን ግን ያርፋል። «እናቱ ሄዳ ልጁ አለቀሰ» በሚለውም ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ «ሄዳ» ግን አሁንም ብቻዋን አትቆምም። ውስብስብ የምለው እንዲህ አንዱ ግሥ በሌላው ሲደገፍ ነው። ድርብ የምለው «ልጁ በላ፤ እኅቱ ግን ተኛች» ያለውን ነው፤ ሁለቱም ግሦች ራሳቸውን ችለዋል።

ተከራካሪዎቼ አንድ ብርቱ ማስረጃ አላቸው። «ከበላህ ተኛ» ሲባል የሚታዘዘው መተኛቱ ብቻ ነው። «በልተህ ተኛ» ሲባል ግን ልጁ እንዲበላም እንዲተኛም ታዟል፤ የማሰሪያው ትእዛዝ ወደ ቦዙ ተሻግሯል። ስለዚህ ቦዝ በፍቺው እንደ ሌሎቹ ጥገኛ ሐረጎች አይደለም፤ ይህን አልክድም። ቢሆንም ዓረፍተ ነገር በቅርጹ ይመደብ ባይ ነኝ፤ ፍቺን ከተከተልን «በልተህ ተኛ»ን ከ«ብላና ተኛ» የምንለይበት አናገኝም።

ቦዝ ዛሬ ዛሬ ያለ ማሰሪያም ይቆማል። «ምን ሆነህ?» ብሎ የማይጠይቅ የለም፤ ሰሚውም «ከዚያስ?» አይልም። ንግግሩ ወደዚያ ሄዷልና ስሕተት ነው ማለት አልችልም። በጽሑፍ ግን ለጆሮዬ የሚጥመኝ «ምን ሆነህ ነው?» ነው፤ እርስዎም እንዲህ ቢጽፉት እመርጣለሁ።