80 ሺህ ዓመቱን ማን ቆጠረው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ጅማ መርካቶ አካባቢ የቡና መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነኝ። በ2017 ጥቅምት መጀመሪያ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ በምዕራብ በኩል ጅራቱን ወደ ላይ የዘረጋ ኮከብ አይቼ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ። በኋላ ሬዲዮ ላይ አንዱ «በ80 ሺህ ዓመት አንዴ የሚመጣ ነው» አለ። ሌላው «ከእንግዲህ አይመለስም» አለ። ማንን ልመን? ለመሆኑ 80 ሺህ ዓመት ቁጭ ብሎ የቆጠረ ማን ነው? ሌላ ግዙፍ እየመጣ ነው የሚባለውስ እውነት ነው?
የሌሊቱ ጥበቃ፣ ከጅማ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጥያቄዎ ደስ ብሎኛል። ሰፈሩን ጠርተው ማሳየትዎ ደግሞ ይበልጥ። ያዩት ሹቺንሻን-አትላስ የሚባለውን ኮሜት፣ ማለትም ጅራታም ኮከብ ነው።

የቆጠረ የለም፤ ተሰልቶ ነው። ኮሜት የሚሄደው በፀሐይ ስበት እየተሳበ ስለሆነ መንገዱ እንዳሻው አይታጠፍም። ቁራሹን በደንብ ከለኩ ቀሪውን ሒሳቡ ያወጣዋል። በፈረንጆቹ 1801 ሴሬስ የተባለች ትንሽ ዓለም ለ40 ቀን ያህል ታይታ ከፀሐይ ጀርባ ተሰወረች። ጋውስ የሚባል የ24 ዓመት ጀርመናዊ የት እንደምትገኝ አሰላ። በዓመቱ መጨረሻ እዚያው አካባቢ ተገኘች።

ችግሩ ፎቶ አቅጣጫን እንጂ ርቀትን አያሳይም። ደብዛዛዋ ነጥብ ቅርብ ያለች ትንሽ ነገር ትሁን ሩቅ ያለች ግዙፍ፣ በአንድ ፎቶ አይለይም። እዚህ ላይ የምትረዳን መሬት ራሷ ናት። ነገ ጠዋት ከሥራ ሲወጡ የጅሬን ተራራ ከኋላው የሚታይ አንድ የመብራት ምሰሶ ይምረጡ። ከዚያ አምስት እርምጃ ወደ ጎን ይሂዱ። ምሰሶው ከተራራው አንጻር ቦታውን ይቀይራል። ራቅ ያለ ምሰሶ ከመረጡ ሽግሽጉ ያንሳል። መሬትም ፀሐይን ስትዞር በስድስት ወር ውስጥ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ታደርገናለች። ኮሜቱ በከዋክብት መሀል ምን ያህል እንደተሸጋሸገ ተለክቶ ርቀቱ ይታወቃል። ከፕላኔቶቹ ሁሉ ሩቅ በሆነችው ኔፕቱን አካባቢ ያለ ኮሜት በዓመት ውስጥ ወዲያና ወዲህ 4 ዲግሪ ገደማ ሲወዛወዝ ይታያል። የራሱ ጉዞ ገና ጎልቶ አይወጣም። ለዚህ ነው ለሩቅ ኮሜት የጥቂት ቀናት ፎቶ የማይበቃው። ወራት፣ ሲቻልም ዓመታት ይፈልጋል።

እናም አዲስ ኮሜት ሲገኝ ባለሙያዎቹ አሮጌ ፎቶ መበርበር ይጀምራሉ። የእርስዎን ኮሜት በጃንዋሪ 2023 ቻይናዎች፣ በፌብሩዋሪ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያለው የአትላስ ቴሌስኮፕ አዩት። ቆይቶ ግን በዲሴምበር 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተነሳ ፎቶ ላይ፣ ማንም ልብ ሳይለው፣ ተቀርጾ ተገኘ። ያን ሌሊት ሰዓቱንና አቅጣጫውን በትክክል መዝግቦ ያስቀመጠ ባይኖር ፎቶው ለምንም አይሆንም ነበር። በዚህ ሙያ ውስጥ እኔ አብልጬ የማከብረው ይህን ምዝገባ ነው።

ወደ ሁለቱ ሬዲዮዎች ልምጣ። ኮሜቱ ለፀሐይ እጅግ ሲቀርብ በሰከንድ 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። በ80 ሺህ ዓመት በሚመለስና ጨርሶ በማይመለስ ኮሜት መካከል እዚያ ቦታ ላይ ያለው የፍጥነት ልዩነት ስንት ይመስልዎታል? አስልቼው በሰከንድ 4 ሜትር እንኳ አልሞላም። ከ67 ሺህ ሜትር ላይ 4 ሜትር! ስለዚህ አዲስ ልኬት በተጨመረ ቁጥር የመመለሻው ዓመት በብዙ ሺህ ይዘላል። ኮሜቱ ውስጥ ካለው በረዶ የሚተነው ጋዝም ኮሜቱን ትንሽ ይገፋዋል። 80 ሺሁ ከቀደሙት ስሌቶች የወጣ ነው። የኋለኞቹ ከሥርዓተ ፀሐይ ወጥቶ ሊቀር እንደሚችል ያሳያሉ። እኔን ከጠየቁኝ ወደ ሁለተኛው ሬዲዮ አደላለሁ።

ፕላኔቶችም አሉበት። በፈረንጆቹ 1997 የታየው ሄል-ቦፕ የተባለ ኮሜት ሲመጣ አንድ ዙሩ 4,200 ዓመት ገደማ ነበር። መንገድ ላይ በግዙፏ ፕላኔት በጁፒተር በኩል አለፈና ስበቷ መንገዱን ቀይሮት ሲሄድ ወደ 2,500 ገደማ ወረደ። በስንት ዓመት ይመለሳል ሲባል «ሲመጣ ነው ሲሄድ?» ብለው ይጠይቁ።

ሌላ ግዙፍ መምጣቱ እውነት ነው። በርናርዲኔሊ-በርንስቲን ይባላል። አካሉ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ቺሊ ውስጥ ባለ ቴሌስኮፕ በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ በተነሱ ፎቶዎች ላይ ነበር፤ ተለይቶ የታወቀው ግን በፈረንጆቹ 2021 ነው። አንድ ዙሩ ሚሊዮኖች ዓመታት ስለሚፈጅ ያን ቁጥር እንደ ግምት ይያዙት። ለፀሐይ የሚቀርብበት ጊዜ ግን የታወቀ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጥር 2023። ያኔም ከሳተርን ምህዋር አልፎ አይገባም። ስለዚህ ስጋት አይግባዎት። በዓይን ግን አይታይም፤ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።