ከብቱ ከደኑ ሲወጣ አፈሩ ምን ያገኛል?

አንድ አርሶ አደር እንዲህ ብለው ጠይቀውናል፦ «ከማሳዬ በላይ ያለውን ደን ከከብት ንክኪ ነፃ ላድርገው እያልኩ ነው። ግን ከብቱ እበቱን እየጣለ አፈሩን ያዳብረው የለም ወይ? ካርቦን ያከማቻል የሚባለውስ እውነት ነው?»

ከእበቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከብቱ ቀኑን ሙሉ ደን ውስጥ ሲግጥ ይውልና ማታ በረት ይገባል። እበቱም ጥቂት የማይባለው እዚያው በረት ላይ ይወድቃል። ከበላውም ከፊሉ ወተትና ሥጋ ሆኖ ይሄዳል። እንግዲህ የደኑን ተክል የሚመግቡትን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በየቀኑ እየጫነ ወደ ቤትዎ ያመጣል ማለት ነው። ለጓሮዎ ጥሩ ነው፣ ለደኑ ግን ኪሳራ።

ኮቴውም አለ። በተለይ አፈሩ እርጥብ ሳለ ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፤ አየርና ውሃ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ይዘጋሉ። ያኔ ዝናቡ መስረጉ ይቀርና ላይ ላዩን ይፈስሳል፣ ለሙን አፈር ጠርጎ ይወርዳል፣ ጎርፉም መጥቶ የሚያርፈው የእርስዎ ማሳ ላይ ነው። ከብቱ ሲወጣ ሣሩ መሬቱን ይሸፍናል፣ የረገፈው ቅጠል ይበሰብሳል፣ ሥሩና ትላትሉ አፈሩን መልሰው ያላሉታል። ወፍ ዘራሹ ችግኝም ፍየል ጫፉን ሳትቀነጥሰው ያድጋል። ለእኔ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ተተኪ የሌለው ደን ዛሬ ለዓይን ቢያምርም እያለቀ ነው።

በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ ላይና ታቹ የተከፈተ ጣሳ አፈሩ ውስጥ ትንሽ ሰካ ያድርጉና ውሃ ይጨምሩበት፤ አንድ ጊዜ ከብት በሚረግጠው፣ አንድ ጊዜ በማይደርስበት ቦታ። ውሃው እኩል ይሁን። የትኛው ቶሎ እንደሚሰርግ ሰዓት ይያዙ፣ በየዓመቱም ይድገሙት።

የካርቦኑ ነገር እውነት ነው። የደረቀ እንጨት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ስለሆነ ዛፉ በወፈረ ቁጥር ክምችቱ ያድጋል። አፈሩ ግን አይቸኩልም። በ1 ሄክታር መሬት፣ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ 3,600 ቶን አፈር አለ ብለን እንያዝ። ካርቦኑ ከ1 በመቶ ወደ 1.1 በመቶ ቢያድግ 3.6 ቶን ተጨመረ ማለት ነው፤ ይህም ኦክስጅኑ ሲታከልበት ወደ 13 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ትንሽ የምትመስል ለውጥ ናት፣ ግን ዓመታት ትፈልጋለች። የተራቆተ መሬት ብዙ የመጨመር ዕድል አለው፤ ድሮም ለም የነበረው ብዙም አይጨምርም። በሁለት ዓመት አፈርዎ በካርቦን ይሞላል የሚልዎትን አይመኑ።

ታዲያ ከብቱ የት ይሂድ? ወደ ሌላ ግጦሽ ካባረሩት ጉዳቱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልቀረም። እባክዎ ደኑን ከመከለልዎ በፊት መኖ ያስቡ። ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ አጭደው በረት ድረስ ያምጡለት፣ የተረፈውን ድርቆሽ ያድርጉት። ደርቆ የቆመ ሣር እሳት ስለሚጋብዝ ማጨዱ ለደኑም ይበጃል፤ ብቻ መሬቱን ራቁቱን አያስቀሩት። የበረቱን ፍግ ደግሞ ለማሳዎ ያውሉት።

ሁሉንም በአንዴ መከለል ካቃተዎት ከዳገታማውና ከተራቆተው ይጀምሩ። እዚያ ያለው ችግኝ ከከብቱ አፍ በላይ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ይሻገሩ።