የእንግሊዝ ግሬይሀውንድ ደርቢ ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

ወንድሜ፣ ስለ ግሬይሀውንድ ደርቢ፣ ማለትም ግሬይሀውንድ የሚባሉ ፈጣን ውሾች ስለሚወዳደሩበት ትልቅ የእንግሊዝ ሩጫ፣ «ደርቢው መቼ ተጀመረ? ሁልጊዜስ አንድ ቦታ ነው የሚካሄደው?» ብለህ ጠይቀሃል። የለም፣ ቦታው ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገርህ።

የተጀመረው በ1927 ለንደን፣ ዋይት ሲቲ ስታዲየም ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ኢንትሪ ባጅ የሚባል ውሻ ወሰደ። ውሾች ሰው ሠራሽ ጥንቸል እያሳደዱ የሚሮጡበት ውድድር እንግሊዝ ከገባ ገና አንድ ዓመቱ ነበር።

ደርቢውን በሰው ልብ ያስገባው ግን ሚክ ዘ ሚለር ነው። አየርላንድ ውስጥ በአንድ ቄስ ቤት የተወለደ ውሻ ነው። 1929ን እና 1930ን አከታትሎ አሸነፈ። በ1931ም ፍጻሜው ላይ አንደኛ ገብቶ ነበር። ነገር ግን ሌላ ውሻ መሀል ላይ ስለተጣላ ውድድሩ እንዲደገም ተወሰነ፤ በድጋሚው ተሸነፈ። እኔ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። አካሉ ተጠብቆ ትሪንግ ከተማ ባለው ሙዚየም ይታያል።

ከ1941 እስከ 1944 በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ። ዋይት ሲቲ በ1984 ሲዘጋ ወደ ዊምብልደን ሄደ፤ እዚያም እስከ 2016 ቆየ። ከዚያ ቶስተር፣ በ2019 እና 2020 ኖቲንግሃም፣ በ2021 ደግሞ ተመልሶ ቶስተር።

የውሻ ሩጫ ያኔ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ለማየት ይቺን ስማ። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ዌምብሌይ የውሻ ውድድር ምሽቱን አልሰርዝም አለ። የኡራጓይና የፈረንሳይ ጨዋታ ወደ ዋይት ሲቲ ተዛወረ!